በሁለተኛ ማርሽ

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው መርፌ በሚለው ስም ነው። ስሙ ከሥራው የመጣ ይሁን ከቁመናው፣ በርግጠኝነት የሚናገር የለም። ልብስ ሰፊ ነው፤ ደግሞም ቀጭን ነው። ገና በልጅነቱ ታላቅ እህቱ ያወጣችለት ነው የሚሉም አሉ፤ ያን ጊዜ መስፋት ቀርቶ ክር በቀዳዳ ማስገባት አያውቅም ነበር። ዛሬ ጠጉሩ ነጥቶ፣ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ የልክ መለኪያውን ጥብጣብ እንደ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጥሎ ከሱቁ በር ሲቆም ላየው፣ ስሙ የተሰፋለት በልኩ ነው።

ሱቁ ጠባብ ናት። ከመስኮቱ ሥር የእግር መኪናው፣ ከጎኑ የመተኮሻው ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ራስ የሌለው የእንጨት ገላ ኮት ለብሶ ይቆማል። ሙሉ ልብስ የሚያሰፋ ሰው እየጠፋ ከሄደ ቆይቷል። የሚመጡት አብዛኞቹ የተገዛ ሱሪ የሚያሳጥሩ ናቸው። መርፌም ያሳጥራል። የተረፈውን ቁራጭ ጨርቅ ግን አይጥልም፤ «አንድ ቀን ይፈለጋል» ብሎ ያስቀምጣል። ሚስቱ በዚህ ጠባዩ ስታሾፍበት፣ ይህ ሰው ትናንትን ራሱን አጣጥፎ ከመደርደሪያ ቢያገኘው ደስ ይለው ነበር ትላለች።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ በስተርጅና መኪና የገዛው። ያውም መንዳት ሳይችል።

ነገሩ የተጀመረው በገበር ነው። ለአንድ ኮት ገበር ፍለጋ ከከተማው ዳር ወዳለ የጨርቅ መጋዘን ሄዶ ነበር። ባለመጋዘኑ ጥቅሎቹን ከላይ እስኪያወርድ፣ መርፌ በኋለኛው መስኮት ወደ ጓሮው ይመለከታል። የበሰበሰ ሳንቃና የዛገ ቆርቆሮ ከተከመረበት ዘንድ፣ ከረጅሙ ሣር ውስጥ የአንዲት መኪና ጀርባ ብቅ ብሏል። ሁለት ክብ መብራቶች፤ በመካከላቸው ደረቱን እንደነፋ ሰው ወደ ውጭ ያበጠ ክዳን። የቀረው አካሏ አይታይም። ለመርፌ ግን ይበቃው ነበር፤ ከዚያች ዓይነት መኪና አካል ሁሉ አሳምሮ የሚያውቀው ጀርባዋን ነውና።

ባለመጋዘኑ ገበሩ ጥቁር ይሁን ግራጫ እያለ ቢጠይቅ መልስ የሚሰጠው አጣ። ዘወር ሲል ደንበኛው በጓሮ በር ወጥቶ ሣሩን በሁለት እጁ እየገለጠ ነው። ከመኪናዋ ውስጥ ዶሮዎች ነበሩ። በሾፌሩ ቦታ ላይ አንዲት ቀይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ፣ ምን ፈልገህ ነው በሚል ዐይን አፍጥጣ አየችው።

ባለመጋዘኑ ሰውየው የምሩን ሊገዛ መሆኑ ሲገባው ሳቁ መጣ። የገዛ አባቱ እንደነበረች፣ ከቆመች ወዲህ እሱ ራሱ ልጅ ከነበረበት ጎልማሳ፣ ከጎልማሳም ሽማግሌ ሊሆን እንደተቃረበ ነገረው።

«እንግዲህ ከነዶሮዎቹ ነው ወይስ ያለዶሮዎቹ?» አለው።

መርፌ ቀልዱን አልሰማም። «የታቀፈችው እስክትፈለፍል እጠብቃለሁ» አለ።

እንዳለውም ጠበቀ። ጫጩቶቹ ወጥተው እናታቸውን ተከትለው መሬት ከወረዱ በኋላ መኪናዋ በሌላ መኪና ተጎትታ ወደ ጋራዥ ገባች። ገበሩን ግን ረስቶት ነበርና ኮቱን ያዘዘው ደንበኛ ለመጠበቅ ተገደደ።

መኪናዋ የመርፌ አባት መኪና አልነበረችም። ይህን እሱም ያውቃል። የአባቱ መኪና ተሽጣ፣ ከእጅ ወደ እጅ ዞራ፣ የት እንደወደቀች የሚያውቅ የለም። ይህችኛዋ እህቷ ናት ማለት ይቻላል፤ አንድ ዘመን፣ አንድ መልክ፣ አንድ ዓይነት ጀርባ።

አባቱ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ጣሪያዋ ላይ ጥቅል ጨርቅ ጭነው፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ጥለው፣ ከገበያ ገበያ ይዞሩባት ነበር። የዚያች መኪና ሞተሪኖ፣ ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ዕቃ ማለት ነው፣ ከእሳቸው እጅ እንደገባች ሞተ። ጎረቤት ለምን አያሠሩትም ብሎ ሲጠይቃቸው፣ «ሰው ያለው ቤት ሞተሪኖ ምን ያደርግለታል?» ይሉ ነበር። እናም መኪናዋ በየማለዳው የምትነሳው ተገፍታ ነበር።

ለዚህም ሥርዓት ነበረው። አባት ቁልፉን ከፍተው ማርሹን በገዛ እጃቸው ሁለተኛ ላይ ያስገባሉ። ከዚያ መሪው ላይ የሚያስቀምጡት ሚስታቸውን አይደለም፤ ትልቋን ልጃቸውን ነው። እግሯ ፍሪሲዮኑ ላይ እንዲደርስ ከጀርባዋ ጥቅል ጨርቅ ይደግፉላታል። ለምን እሷን ቢባሉ፣ ወንድ ልጅ ይቸኩላል፣ የሷ እግር ግን ትዕግሥት አለው ባይ ነበሩ። ከዚያ አባት፣ እናት፣ ትንሹ መርፌና በመንገድ ያለፈ ሁሉ ከኋላ ሆኖ ይገፋል። መኪናዋ ጉልበት ስታገኝ አባት «ልቀቂ!» ይላሉ። ልጅቱ እግሯን ከፍሪሲዮኑ ስታነሳ መኪናዋ እንደ ሰው ታስነጥሳለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትነሳለች። እስከ መታጠፊያው የምትነዳት ያቺው ልጅ ናት። መታጠፊያው ላይ ቀስ ስትል አባት እየሮጡ ደርሰው በሩን ይከፍቱና ይገባሉ፤ ልጅቱም ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ በሆነው የፊት ወንበር ላይ ሸርተት ብላ ቦታውን ትለቅላቸዋለች፤ ትንሹ መርፌም በኋላ በር ዘሎ ይገባል። ይህ ሁሉ የሚሆነው መኪናዋ ሳትቆም ነው፤ ከቆመች እንደገና መግፋት ነዋ።

ሁለቱም ልጆች ሲያድጉ መንዳት ሊያስተምሯቸው ቃል ገብተው ነበር። ነገር ግን ልጆቹ ከማደጋቸው የአባት ዐይን መድከም ቀደመ። መኪናዋ ተሸጠች፤ ቃሉም ቃል ሆኖ ቀረ። መርፌ መቀስ ያዘ። እህቱ አገባች፤ በዚያው በአባቷ ቤት ልጅ አሳደገች፤ ከዚያው ቤት ባሏን ቀበረች። ከመሪ ፊት ግን ዳግመኛ አልተቀመጠችም።

አሁን ያ ቤት ተሽጧል። እህቱ ብቻዋን ሆና ጣሪያው ሲያፈስ ማን ይውጣላት? ልጇ ያለችው ሩቅ ከተማ ነው፤ መጥታ ልትወስዳት ቁርጥ ሆኗል። መርፌ በዚህ ቅር አላለውም። ልጅ እናቷን ልጡር ብትል ማን ይከለክላል? እሱን የከነከነው ሌላ ነው። ዕቃዋን መጠቅለል ከጀመረች ወዲህ እህቱ ራሷንም አብራ የጠቀለለች መስላ ነበር። የጥንቱን ሲያነሳባት «እህ» ብላ ታልፈዋለች። የእናታቸውን መስታወት ለጎረቤት ስትሰጥ አንዴ እንኳ አልታየችበትም። በአባቷ ቤት እንደ እንግዳ ከወንበር ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። ሰው እንዲህ ሆኖ ከሄደ የሚሄደው ገላው ብቻ ነው ብሎ ፈራ። ስለዚህ የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ከመሄዷ በፊት፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያች ዓይነት መኪና፣ አንድ ጠዋት።

ሚስቱ ይህን ስትሰማ ያለፈ ክረምት ቤት አይሠራለትም ብላ ተረተችበት። እንደተረተች ግን አልቀረችም። የወንበሩን ልብስ ሲሰፋ ከማዶ ሆና ጨርቁን ትወጥርለት ነበር።

የጋራዡ ጌታ መርፌ ቱታውን ሲጥፍለት የኖረ መካኒክ ነው። ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ፣ ሲያወራ ከመኪና ሥር ቢሆንም ከመንገድ የሚሰማ። መጀመሪያ ያቺን የዶሮ ቤት ሲያይ በቁልፍ መፍቻው ኮፈኗን መታ መታ አደረገና፣ እዚህ ውስጥ ሞተር አለ ብሎ የሚያምን ሰው እሱ ብቻ አለመሆኑ እንዳስደሰተው ተናገረ። ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ሞተሩ ወርዶ ተበተነ፤ እያንዳንዱ ብሎን በነዳጅ ታጠበ። ካርቡራተሩ ውስጥ የገለባ ጎጆ ተገኘ። ባትላሜራው የጎደጎደውን እየመታ አቃና፤ ዝገቱ የበላውን ቆርጦ በአዲስ ቆርቆሮ ተካ። ያ ሥራ ከመጣፍ ምንም እንደማይለይ የተረዳው መርፌ፣ ከሱቁ እየጠፋ ከጎኑ ይቆምና ስፌቱ እንዳይታይ ይመክረው ጀመር። ባትላሜራው አንድ ቀን መዶሻውን አቀብሎት፣ «እንካ፣ አንተ ዝመዝም» አለው።

ቀለሙ ደግሞ የራሱ ጣጣ ነበረው። ቀለም ቀቢው የአባቱ መኪና ምን ዓይነት አረንጓዴ እንደነበረች ሲጠይቀው መርፌ በቃል ማስረዳት አቃተው። ቅጠልም አይደል፣ ሎሚም አይደል። በመጨረሻ ወደ ሱቁ ሄዶ የክር ጥቅልሎች በኪሱ ሞልቶ መጣና በፀሐይ ላይ ደረደራቸው። አንዱን ክር ከሌላው ጋር በጣቱ እየፈተለ፣ ይህን ያህል ከዚህ፣ ይህን ያህል ከዚያ እያለ አሳየው። ቀለም ቀቢው በክር ቀለም ሲለካ የመጀመሪያው ነበር፤ ሆኖም አወጣው። ቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያው ቅብ ሲደርቅ መርፌ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ ቀረ።

መካኒኩ ግን ከሁሉ የሚኮራው በሞተሪኖው ነው። የዚያች መኪና ሞተሪኖ ከገበያ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሹፌር ለሹፌር አስልኮ፣ ከሩቅ ከተማ አስመጥቶ፣ በገዛ እጁ ገጠመው። ቁልፉን ገና ነካ ሲያደርጋት ተነሳች። «ይህ ከኔ ስጦታ ነው፤ ከእንግዲህ የሚገፋህ ሰው አትለምንም» ሲለው መርፌ ተንሰፍስፎ አመሰገነው።

ያለቀች ዕለት መካኒኩ እየነዳ፣ መርፌ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከጎኑ ተቀምጦ ወደ እህቱ ቤት ሄዱ። እህቱ ራሷን በሻሽ አስራ፣ የዕቃ አቧራ እንደለበሰች ወጣች። መኪናዋን ዞራ አየቻት። በጣቷ መብራቱን ነካ አደረገች።

«አሳምረሃታል» አለች።

መካኒኩ ወርዶ የኋላውን በር በክብር ከፈተላት። እሷም ገብታ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ቁልፉን ሲያዞረው መኪናዋ ወዲያው ተነሳች። «ድምፅ እንኳ የላትም» አለች እህቱ፤ መካኒኩ እንደ ምስጋና ቆጠረው። ሰፈሩን ዞሩ። ሰው በተከራየው ታክሲ ሆኖ መንገድ እንደሚያይ በመስኮቱ እያየች ሄዳ ተመለሰች። ወርዳ መካኒኩን አመሰገነችው፤ ሻይ እንዳታፈላላቸው ብርጭቆዎቹ መታሰራቸውን ነግራ ይቅርታ ጠየቀች። ለወንድሟም «እግዜር ይስጥህ» አለችውና ወደ ዕቃዋ ተመለሰች። አንድ ሰው የተላከ ጥቅል ቢያደርስላት የምትለውም ይህንኑ ነበር።

ያን ቀን መርፌ ሱቁን አልከፈተም። ሚስቱ የተዘጋጀችበት ሹፈት ነበራት፤ መኪና ገዝቶ እግረኛ የሆነ ሰው ያየችው እሱን ብቻ መሆኑን ልትነግረው አስባ ነበር። ፊቱን ስታይ ተወችው። ምሳ አቅርባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና የሆነውን ሁሉ እንዲነግራት አደረገች። መጨረሻው ላይ አንድ ነገር ጠየቀችው።

«የት አስቀመጣችኋት?»

«ከኋላ።»

«ድሮስ የት ነበር የምትቀመጠው?»

መርፌ ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚያ ምሳውን ሳይጨርስ ኮቱን አንስቶ ወደ ጋራዡ ሄደ።

መካኒኩ ከአንድ ጭነት መኪና ሥር ነበር። እግሮቹ ብቻ ይታያሉ። መርፌ ለእግሮቹ ሞተሪኖውን እንዲያወጡለት ነገራቸው። ሰውየው በሙሉ ተንሸራቶ ወጣ።

«ምን ሆነ? ተበላሸ?»

«አልተበላሸም። ለዚህ ነው የምታወጣው።»

«ስማ፣ ሰው ጥርስ ያስተክላል፤ የተተከለ ጥርስ የሚያስነቅል ግን አላየሁም።»

መርፌ የሚያስረዳበት ቃል አጥሮት እጁን ያወራጫል። ስለ አባቱ፣ ስለ ማለዳው፣ ስለ እህቱ እግር እየዘለለ ነገረው። እነሱ ያጡት መኪናዋን አለመሆኑን፣ መኪናዋ የተሟላች ቀን የሚገፋት ሰው እንደማያስፈልግ፣ ሰው ካላስፈለጋት ደግሞ የአባቱ መኪና እንደማትሆን ተናገረ። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዳመጠው። ያን ሞተሪኖ ለማግኘት ስንት ሰው እንዳስቸገረ ትዝ ብሎት ከንፈሩን ነከሰ።

«አላወጣትም» አለ በመጨረሻ። «ሽቦዋን ብቻ እነቅላለሁ። ሲሻልህ ታመጣታለህ።»

በማግስቱ ማለዳ መኪናዋ ከአባቱ ቤት በር ፊት፣ አፍንጫዋን ወደ መታጠፊያው አዙራ ቆማለች። መካኒኩ ከጋራዡ በቁልቁለት አስነስቶ ነድቶ አምጥቷት፣ እዚያ ሲደርስ አጥፍቷታል። የእህቱ ልጅ ዋዜማውን ገብታ ነበርና ግቢው በሳጥንና በታሰረ ዕቃ ተሞልቷል። ከሰዓት በኋላ ይሄዳሉ።

መርፌ ገብቶ፣ «እትዬ፣ አልነሳም አለችኝ» አላት።

እህቱ የሳጥኑን ገመድ እንደያዘች ቀና አለች። ትናንት ቁልፉ ሲነካ የተነሳችው መኪና ዛሬ ምን አገኛት ብላ አልጠየቀችም። ወንድሟን አየችው፤ በበሩ በኩል መኪናዋን አየቻት። የመርፌ ሚስት ከመኪናዋ ኋላ እጅጌዋን ሰብስባ ቆማለች፤ መካኒኩም ከጎኗ።

«ማን ሊገፋ?» አለች።

«እኛ።»

ገመዱን ለቀቀች።

ልጇ ነገሩ ሲገባት ደነገጠች። «ጋሼ፣ እማዬ እኮ መንጃ ፈቃድ እንኳ የላትም» አለችው። መርፌም የዛሬ ስንትና ስንት ዘመን በሌላት ፈቃድ ስትነዳ መኖሯን መለሰላት። እህቱ ይህን ሁሉ እንዳልሰማች ሆና መኪናዋ ዘንድ ደረሰች፤ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ከመንገዱ ዳር አስቀመጠች። ፍሪሲዮን በጫማ አይሰማም አለች። ገብታ ስትቀመጥ ግን እግሯ አልደረሰም። ዕድሜ ያሳጥራል፤ በልጅነቷ ከነበረችው እምብዛም አልረዘመችም። ግራ ቀኝ ስታይ ልጇ ለአፍታ ቆመች፤ ከዚያ ወደ ግቢው ሮጣ ከታሰሩት ዕቃዎች አንዱን ፈታች። ብርድ ልብስ አጣጥፋ አምጥታ ከእናቷ ጀርባ ደገፈችላት።

መካኒኩ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ «እናቴ፣ መካከለኛው ፍሬን ነው» አላት።

«አንተ ሳትወለድ አውቀው ነበር» አለችው፤ «ይልቅ ማርሹን ሁለተኛ ላይ አድርግልኝና ወደ ኋላ ሂድ። ሆድህ ለመግፋት ይጠቅማል።»

መርፌ ይህን ድምፅ ከሰማው ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር። ሌሎቹ ሲስቁ እሱ እንዳያዩበት ፊቱን ዞር አደረገ።

መግፋት ጀመሩ። መኪናዋ መጀመሪያ አልነቃነቅ አለች። መርፌ ክዳኗ ላይ ትከሻውን አስደግፎ፣ ሚስቱ ከጎኑ፣ መካኒኩ ከመካከል፣ የእህቱ ልጅ በዚያ ንጹሕ የመንገድ ልብሷ ከዳር። ከማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ይህን አይቶ ምላጩን አስቀመጠና ወጣ። ትቶት የወጣው ደንበኛም ግማሽ ጢሙ ተላጭቶ፣ ግማሹ በአረፋ እንደተሸፈነ፣ አንገቱ ላይ ነጩ ጨርቅ እንደታሰረ ተከትሎት መጣ። ደንበኛው መኪናዋን ይዞ ሲገፋ፣ የማን እንደሆነች የጠየቀ እንኳ አይመስልም። ጎማዎቹ ዞሩ። መንገዱ ላይ የእግራቸው ኮቴ ፈጠነ።

ማንም «ልቀቂ» አላለም። መርፌ ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ ትንፋሽ አነሰውና ቀረ። ያው ትዕግሥተኛ እግር ግን ከገዛ ራሱ ሰዓቱን ያውቅ ነበር። መኪናዋ ድንገት ከእጃቸው ሥር ወደ ኋላ የመመለስ ያህል ያዝ አደረገች፤ አስነጠሰች፤ ተንቀጠቀጠች፤ ሰማያዊ ጭስ ፊታቸው ላይ ተፍታ ተነሳች። ደንበኛው በአረፋው ላይ ጥላሸት ተጨመረበት። መካኒኩ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሞተሩን አዳመጠና፣ ድምፁ ከትናንቱ እንደሚሻል ለራሱ አጉተመተመ።

መርፌ ግን ሮጠ። በዚያ ዕድሜው፣ መነጽሩን በአንድ እጁ ይዞ፣ ከመኪናዋ ጎን ሮጦ በቀኝ በኩል ያለውን በር ከፈተና ራሱን ወረወረ። ከእህቱ ጎን ሲቀመጥ ሳንባው እንደ ወናፍ ይነፋል። እሷ አላየችውም። ሁለት እጇ መሪው ላይ ነው፤ አገጯ ወደ ላይ። ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ሽበቷ ይታያል። ከንፈሯ ግን የዚያች ልጅ ከንፈር ነበር፤ ከውስጥ ነክሳዋለች። መርፌ ከኋላ ሲገፋ ኖሮ ይህን አንድ ቀን አላየውም።

አጥሮቹ አለፉ። ድሮ የእንጨት የነበሩት አሁን ግንብ ናቸው። ከመንገዱ ዳር የነበረው ዛፍም የለም። መንገዱ ግን ያው ነው፤ መጨረሻው መታጠፊያው ነው።

መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ እህቱ እግሯን ከነዳጁ ላይ አነሳች። መኪናዋ ቀስ አለች። አንድ እጇ ከመሪው ወረደና፣ ገላዋ በወጥ ወንበሩ ላይ ወደ ቀኝ ሸርተት አለ። ትከሻዋ ከወንድሟ ትከሻ ጋር ተጋጨ።

ያን ጊዜ ነው የነቃችው። በወንድሟና በመሪው መካከል እንዳለች ቀረች። ወደ ሾፌሩ በር ተመለከተች። ከውጭ የሚሮጥ ሰው አልነበረም።

«አባባ እዚህ ጋ ነበር የሚገባው» አለች።

«አዎ።»

መኪናዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ልትጠፋ ነው። መርፌ ይህን እያየ እጁን ወደ መሪው አልዘረጋም፤ ቢዘረጋስ ምን ያውቃል? እህቱ ዐይኗ እንባ አቀረረ። አልወረደም። በልጅነቷ ከዚህ ያለፈውን መንገድ ከቀኝ ወንበር ሆና ብቻ ነው ያየችው።

«አይመጣም» አለች፤ ጥያቄ ይሁን መልስ አልለየም።

«አይመጣም፣ እትዬ።»

ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ብርድ ልብሱን በክንዷ ወደ ጀርባዋ ገፋ አደረገች። ባዶ እግሯ ነዳጁን ፈልጎ አገኘው፤ ረገጠችው። መኪናዋ አቃሰተችና ጠንክራ ተነሳች። መሪውን አዞረች። መታጠፊያውን አልፈው ወደ ዋናው መንገድ ወጡ።

በዚያው በሁለተኛ ማርሽ ሄዱ። እሷ ከዚያ ሌላ አታውቅም ነበር። ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናዋ ግን የምትሄደው በፈጣን እግረኛ ልክ ነው። ከኋላቸው መኪኖች ተሰልፈው ክላክስ ማሰማት ጀመሩ። አንዱ እየቀደማቸው በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ተቆጣ፤ ሽበታቸውን ሲያይ ግን ቁጣውን ሳይጨርስ አለፈ። እህቱን ግን ግድ አልሰጣትም። ቆመው ብትጠፋባቸው የሚገፋቸው ሰው ሩቅ ነው፤ ስለዚህ አትቆምም። ስለ ሳጥኖቹ አላነሳችም። ስለ ከሰዓት በኋላውም አላነሳችም። በመስኮቱ በኩል የገባው ነፋስ ሻሿን ጨርሶ ጣለው። የድሮው ትምህርት ቤታቸው በር ጋ ሲደርሱ፣ አባባ እዚህ ያወርደን ነበር አለች፤ እንዳለች አለፈችው። መርፌ በፊቱ መስታወት መንገዱን ያያል። የአባቱ መኪና ከፊት ወንበር ሲያዩአት ይህን ትመስል እንደነበር ገና አሁን ማወቁ ነው።

መንገዱ ሰፋ። ከፊታቸው አንድም መኪና አልነበረም። እህቱ እጇን በማርሹ ላይ አሳረፈች፤ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ወዲያና ወዲህ በቀስታ ነቀነቀችው።

«አንተ፣ ሦስተኛው የት ነው?» አለችው።

«እኔ ምን አውቄ፣ እትዬ» አለ መርፌ። «እኔ ከኋላ ነበርኩ።»

ሳቀች። ፍሪሲዮኑን ረገጠችና መፈለግ ጀመረች።